ብቃት ማረጋገጫ ወይስ ማኅተም ማረጋገጫ?

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል ያገሬ ሰው። አህያው እንዳይራገጥ የፈራ፣ ዱላውን የማይራገጠው ጭነት ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። የመንጃ ፈቃድ ነገር በአገራችን የደረሰበትን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ተረት አላገኘንም። በገንዘብ የተገዛ መንጃ ፈቃድ በኪሱ ይዞ በየጎዳናው የሰው ሕይወት የሚቀጥፈውን ደፍሮ የሚይዝ ሲጠፋ፣ በሰው አገር ከ20 ዓመት በላይ ነድቶ የመጣውን ወገን ግን «ማኅተምህ የታለ?» እያሉ ከመስኮት ወደ መስኮት ማንከራተት መደበኛ ሥራ ሆኗል።

ለመሆኑ መንጃ ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው? እኛ በተለምዶ «መንጃ ፈቃድ» እንበለው እንጂ ሕጉ የሚጠራው በሌላ ስም ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600፣ በኋላም በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074፣ ሁለቱም «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ነው የሚሉት። ብቃት! ይህቺን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልን። ሕግ አውጪው «የወረቀት ማረጋገጫ» አላለም፤ «የማኅተም ማረጋገጫ» አላለም። መሪ የሚይዘው እጅ፣ ፍሬን የሚረግጠው እግር፣ መንገዱን የሚያየው ዓይን ብቁ መሆኑ ይረጋገጥ ነው ያለው። መስኮቱ ጋ ሲደረስ ግን ብቃት የምትለዋ ቃል እንደ ጉም ትበናለች። የሚቀረው ማኅተም ብቻ ነው።

ነገሩ ጥንት እንዲህ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት አገር መንገድ እየፈለገ፣ አዲስ አበባ ድረስ መኪና አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። እንግዲህ በዚህ ከተማ የመጀመሪያዎቹን መኪናዎች የነዱት ከውጭ የመጡ ሾፌሮች ነበሩ ማለት ነው። ምኒልክም «በል ነድተህ አሳየኝ» እንጂ «በአገርህ ኤምባሲ የተረጋገጠ ሰነድ አምጣ» የሚል ጣጣ ውስጥ አልገቡም። ዘመኑ ሌላ ነው፣ መኪናውም አንድና ሁለት ነበር፣ ይህ ይገባናል። ግን «ነድተህ አሳየኝ» የምትለዋ ፍርድ ከ100 ዓመት በላይ አልፏት እንኳ አላረጀችም። የዛሬውም ጽሑፋችን የሚለው እሷኑ ነው።

ጉዳዩን በሩቅ እንዳናወራው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በገዛ ቤተሰቡ የደረሰውን ያውጋችሁ። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ዋሽንግተን ከተማ 22 ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት «አንድ ሚሊዮን ወገን ለገና አገር ቤት ይግባ» ብሎ ጥሪ ሲያደርግ ጥሪውን አክብረው ከመጡት አንዱ እሱ ነበር። ሲመጣ ለሦስት ሳምንት ብሎ ነበር። ሲደርስ ግን አያቴ ስኳሩም ጉልበቱም ጠንቶባቸው አገኛቸው፤ በወር ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት መሄድ አለባቸው፣ ታክሲ ላይ መውጣት አይችሉም። «እንግዲህ ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ፣ እናቴን እየጦርኩ አገሬ ልኑር» አለና ቀረ። ያጠራቀማትን አውጥቶ አንዲት ያገለገለች ቪትዝ ገዛ። ቤንዚኑ ተሞላ፣ ቦሎው ተለጠፈ፣ ሊብሬው በስሙ ዞረ። መኪናዋ ግን ከግቢ አልወጣችም። መንጃ ፈቃድ የለውማ!

«የለውም» ስንል እንዳትሳሳቱ፤ አለው። ፎቶግራፉ ያለበት፣ ጊዜው ያላለፈ፣ የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ አለው። ይህን ይዞ አንድ የመንጃ ፈቃድ መስጫ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ሄደ። ቅርንጫፉን አንጠራም፤ ችግሩ የአንድ መስኮት አይደለምና። በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ወጣት ካርዱን አገላብጣ አየችና፣ «ጋሼ፣ ይኼማ እኛ ጋ እንዲሁ አይሠራም። ከሰጠዎት አገር አረጋግጠው ያምጡ» አለችው። ልጅቷ አልሰደበችውም፣ አላመናጨቀችውም፤ እውነቱን እንናገር። የታዘዘችውን ነው ያለችው።

ከአሜሪካ የሚመጣ ሰነድ እዚህ እንዲታመን የሚጓዝበት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ በሰጠው ክፍለ ግዛት ይረጋገጣል። ቀጥሎ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያትምበታል። ከዚያ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይቀጥላል። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ በእኛው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይታያል። አጎቴ እዚህ ተቀምጧል፤ ሰነዱ ያለው ደግሞ እጁ ላይ ነው። ስለዚህ መንጃ ፈቃዱን በሰው እጅ ወደ ልጁ ወደ አሜሪካ መላክ ነበረበት። ልጁ ሥራ አለው፤ በትርፍ ሰዓቱ ከቢሮ ቢሮ ሮጠ። በአንዱ ቢሮ ክፍያው ጎደለ፣ በአንዱ ፎርሙ ተሳሳተ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተላከ። ወራት አለፉ። ሰነዱ በማኅተም አሸብርቆ አዲስ አበባ ሲገባ አጎቴ እንደ ልጅ ተደሰተ። ተተረጎመ፣ ተከፈለበት፣ መስኮቱ ጋ ቀረበ።

«ጋሼ» አለችው ልጅቷ፣ አሁንም በትሕትና፣ «ማኅተሙ ልክ ነው። ግን መንጃ ፈቃዱ እኮ ባለፈው ሳምንት ጊዜው አልፎበታል።»

አንባቢ ሆይ! ማኅተሙ ሲወለድ ፈቃዱ ሞተ። ይህን ለማሳደስ ደግሞ ሰውየው ራሱ አሜሪካ መሄድ ሊኖርበት ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

እስቲ እነዚያን ማኅተሞች በእርጋታ እንመልከታቸው። ሁለተኛው ማኅተም የሚመሰክረው የመጀመሪያው ማኅተም የእውነት መሆኑን ነው። ሦስተኛው የሁለተኛውን፣ አራተኛው የሦስተኛውን። ሁሉም እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ። ስለ ሰውየው አነዳድ የሚመሰክር ግን ከመካከላቸው አንድም የለም! ሰውየው ዳገት ላይ መኪና ማስነሳት ይችል እንደሆነ፣ ዓይኑ ያይ እንደሆነ፣ በሚነዳበት አገር አደጋ አድርሶ ያውቅ እንደሆነ፣ ከአራቱ ማኅተም አንዱም አይናገርም። ይህንን የሚናገር ሌላ ወረቀት አለ፤ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች አሽከርካሪው ሲጠይቅ የአነዳድ መዝገቡን ቅጣቱንና አደጋውን ጨምረው አትመው ይሰጡታል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ አሽከርካሪው ከመንግሥት ድረ ገጽ አንድ ኮድ አውጥቶ ለአሠሪው ወይም ለመኪና አከራዩ ይሰጣል፤ ያ ሰው በዚያው ኮድ ገብቶ ፈቃዱ የጸና መሆኑን፣ ምን ዓይነት መኪና እንደሚያስነዳው፣ የቅጣት ነጥብም ካለበት ያያል። ደቂቃዎች የማይፈጅ ነገር ነው። የእኛ መስኮት ግን ደቂቃ የሚፈጀውን ትቶ ወራት የሚፈጀውን መረጠ። ለምን? ማኅተም የለመደ ዓይን ሌላ ነገር አያይማ።

አሁን ደግሞ የታሪኩን ሌላ ገጽ እንግለጥ። አጎቴ ከመሥሪያ ቤቱ በር ወጥቶ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም አንድ ጎልማሳ ጠጋ አለው። ሁሉንም ያውቃል፤ ደላላ ነው። «ጋሼ፣ ምን አደከመዎት? የውጩን ይርሱት። እንደ አዲስ ተማሪ እናስገባዎታለን። ሳይማሩ ተምረዋል፣ ሳይፈተኑ አልፈዋል። እርስዎ ፎቶና ፊርማ ብቻ!» ዋጋውንም ነገረው። አጎቴ በአነጋገሩ ጨዋ ሰው ስለሆነ «አመሰግናለሁ ወንድሜ» ብሎ አለፈ። ቤት ደርሶ ግን እንዲህ አለን፦ «22 ዓመት በላቤ ያገኘሁትን አልቀበልም ያለኝ አገር፣ በአንድ ቀን በገንዘብ የገዛሁትን ሊቀበለኝ ዝግጁ ነው።»

የባሰው አልመጣም። አያቴን የሚያመላልስ ሾፌር ተፈልጎ አንድ የ20 ዓመት ወጣት ተቀጠረ። መንጃ ፈቃዱ ጊዜው ያላለፈ፣ የአገር ውስጥ፣ ማንም የማይጠራጠረው ነው። በሁለተኛው ሳምንት፣ አያቴ ከኋላ አጎቴ ከፊት ተቀምጠው፣ ተማሪዎች በዜብራ ሲያቋርጡ ልጁ ፍሬን እረግጣለሁ ብሎ ቤንዚን ረገጠ። አጎቴ የእጅ ፍሬኑን ባይስበው፣ መሪውንም ባይጠመዝዘው ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ጽሑፍ ነበር። መኪናዋ የመንገዱን ጠርዝ ወጥታ ቆመች። ልጁ ላብ አጠመቀው። አጎቴ አልጮኸበትም። «ልጄ፣ የት ነው የተማርከው?» አለው። ልጁም አለቀሰና እውነቱን ተናገረ፤ ማሠልጠኛው ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ መሪ አልያዘም፣ ፈተናውም «ተጨርሶለት» ነው ያለፈው።

እንግዲህ ፍረዱ! በዚያች ትንሽ መኪና ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ መንዳት የሚችል ግን የማይፈቀድለት፣ ሌላው መንዳት የማይችል ግን የሚፈቀድለት። መንግሥት «ብቁ ነው» ብሎ ያረጋገጠው ሁለተኛውን ነው። የእጅ ፍሬኑን የሳበው ግን አንደኛው ነው። ያ በዜብራው ላይ የነበረ ተማሪ ወላጆች ቢጠየቁ የትኛውን ወረቀት ይመርጡ ነበር?

ከዚህ ተነስቶ «ታዲያ ከውጭ ለመጣ ሁሉ ዝም ብሎ ይሰጠው ልትሉ ነው?» የሚለን አይጠፋም። አይደለም! አንልም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምንለው። ይህንን ያስተማረን ራሱ አጎቴ ነው። «እውነቱን ልንገርህ» አለኝ አንድ ቀን፣ «መሪውን ቢሰጡኝም በማግስቱ ደፍሬ አልወጣም ነበር። ዋሽንግተን የምነዳው መስመር ይዤ ነው። እዚህ ግን ሚኒባሱ ‹ወራጅ አለ!› ሲባል ባለበት ይቆማል። ባጃጁ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። አደባባይ ላይ ማን ለማን እንደሚያሳልፍ የሚወሰነው በዓይን ነው። በግና አህያ ቀይ መብራት አያውቁም። አንድ ሳምንት የሚያሳየኝ ሰው፣ አንድ ቀንም የሚፈትነኝ ሰው ያስፈልገኛል።» ይህ የልምድ ያለው ሰው ቃል ነው። ልምድ የሌለው ነው «እችላለሁ» እያለ የሚምለው።

ከከተማ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሄድ ሾፌር የአባይን በረሃ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ያንኑ ያህል ይወጣል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አሳንሶ በሞተር ኃይል መያዝ ያልለመደ፣ ፍሬኑን ብቻ አምኖ የሚወርድ ሰው፣ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሲለው ነው የሚነቃው። ሜዳ ላይ በሰፊ አውራ ጎዳና 20 ዓመት የነዳ ሰው ይህንን ላያውቅ ይችላል። ጥፋቱ አይደለም፤ አልገጠመውም። ታዲያ ይህንን የትኛው ማኅተም ይነግረናል?

ሌላም አለ። ከደቡብ አፍሪካ፣ ከኬንያ፣ ከእንግሊዝ የሚመለሱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በእነዚህ አገሮች መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው። የእኛም አገር እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ነው ወደ ቀኝ የዞርነው። አስር ዓመት በግራ የነዳ ሰው ድንገት ሲደነግጥ እጁ ወዴት ይሄዳል? ወደ ለመደው ወደ ግራ ነዋ! ማኅተም ግን ግራና ቀኝ አይለይም። የጆሃንስበርጉንም የዋሽንግተኑንም ሾፌር አንድ ዓይነት ማኅተም አስደርጎ አንድ ዓይነት ካርድ ያድላቸዋል። ስለዚህ ይህ አሠራር ለሾፌሩ ጠላት ብቻ አይደለም፤ ለእግረኛውም ጠላት ነው። የሚችለውን ያግዳል፤ መታየት የሚገባውን ሳያየው ያሳልፋል።

«አሜሪካ የሚነዳው አውቶማቲክ ነው፤ ካምቢዮ አያውቁም» የሚልም ክርክር እንሰማለን። ይህም በፈተና እንጂ በማኅተም አይመለስም። አውቶማቲክ ብቻ የሚችል ከሆነ በአውቶማቲክ ተፈትኖ አውቶማቲክ ብቻ እንዲነዳ ይጻፍበት፤ በሌላው ዓለም የሚሠራበት ነው። ደግሞስ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ሁላችንንም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየገፋን አይደለም ወይ? የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የት አለው?

እስቲ ደግሞ ሌሎች አገሮች የእኛን ሾፌር እንዴት እንደሚያስተናግዱ እንይ። የእኛን መንጃ ፈቃድ አክብረው ይቀበሉታል እንዳትሉ፤ ብዙዎቹ አይቀበሉም። እንግሊዝ ገብቶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በያዘው ፈቃድ 12 ወር መንዳት ይችላል። ከዚያ በኋላ የተማሪ ፈቃድ አውጥቶ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና መውሰድ ግዴታው ነው። ጀርመን ጊዜው ያጥራል፤ 6 ወር ነው። ከዚያ ሁለቱንም ፈተና ያልፋል፤ ነገር ግን ልምድ ያለው ስለሆነ ጀማሪ ተማሪ የሚገደድበትን የሰዓት ብዛት እንዲማር አይገደድም። ዱባይ ከእኛ የባሰ ጥብቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ልምድ ያለው ሾፌር ሳይማር አንድ ጊዜ በቀጥታ ለፈተና ይቅረብ የሚል ዕድል ከፈተ። ካለፈ አለፈ፤ ከወደቀ ገብቶ ይማራል። የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ይባስ ብላ የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ አዘጋጅታለች! የእኛ እናቶችና አባቶች በሰው አገር በገዛ ቋንቋቸው ተፈትነው ፈቃድ ያወጣሉ።

እነዚህ አገሮች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። አንዳቸውም ለእኛ ሰው በደግነት አልራሩለትም። ግን ሁሉም በር አላቸው፤ በሩም ፈተና ነው። ቀኑ ይታወቃል፣ ክፍያው ይታወቃል፣ ያለፈ ያልፋል፣ የወደቀ ለምን እንደወደቀ ይነገረዋል። ሰው ፈተና ቢወድቅ ያዝናል እንጂ አይዋረድም። የሚያዋርደው ለምን እንደቆመ ሳያውቅ በር ላይ መቆም ነው።

ለምን በአንዲት ካርድ ይህን ያህል ቀለም ታባክናላችሁ የሚለን ካለ፣ ሙታኑን ይቁጠር። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በመንገድ አደጋ መሞታቸው በይፋ የተመዘገበው ከ4 ሺህ 300 በላይ ሰዎች ናቸው። ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ቁጥር ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ የበለጠ ነው፤ ከ100 ሺህ ሕዝብ ወደ 27 የሚጠጋ። በእንግሊዝ በዚያው ዓመት 3 ገደማ ነበር። መኪናው ደግሞ እዚያ ነው የሚበዛው! መንገዱ ጠባብ ነው፣ መኪናው አሮጌ ነው ይባላል፤ ይህም እውነት ነው። ግን ከመሪው በስተኋላ የተቀመጠው ማነው? የሚለውን ጥያቄ ማን ይመልስ? ባለሥልጣኖቻችን ራሳቸው በየጊዜው ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ መያዙን በራዲዮና በቴሌቪዥን ሲናገሩ እንሰማለን። ሐሰተኛው ደግሞ በሕትመት ብቻ አይደለም። ካርዱ የእውነት ሆኖ ፈተናው የውሸት ከሆነ እሱም ሐሰተኛ ነው። የባሰውም ሐሰተኛ እሱ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ቢያየው «ትክክል ነው፣ ሂድ» ይለዋላ!

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንችልም። መንግሥት የውጭውን ወገን ሲጠራ ድምፁ ለስላሳ ነው። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያዊው ቢጫ ካርድ ሰጠው፤ ያለ ቪዛ ግባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ሥራ አለው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ «ኑ» ብሎ በሚሊዮን ጠራ። ይህ መልካም ነው፤ አንነቅፍም። ግን ሰውየው በአውሮፕላን ማረፊያው በአበባ ከተቀበሉት በኋላ፣ አበባው ሲጠወልግ፣ ኑሮ ሲጀምር፣ የሚገናኘው ከሚኒስትሩ ጋር አይደለም። ከመስኮቱ ጋር ነው። አገር ማለት ለእሱ ያቺ መስኮት ናት። ዶላሩ ሲመጣ ማኅተም አይጠየቅም፤ ባለቤቱ ሲመጣ ነው የሚጠየቀው። ሹሞቻችን ይህንን ላያውቁት ይችላሉ። እነሱ መንጃ ፈቃድ ምን ያደርግላቸዋል? ሾፌር አላቸው፤ መንገዱም ይዘጋላቸዋል።

እንግዲህ ነቅፈን ብቻ እንዳንተው፣ ይህ ጋዜጣ የሚከተለውን ይላል።

አንደኛ፦ ከውጭ የመጣ የጸና መንጃ ፈቃድ ትክክለኛነቱን የማጣራት ሥራ የባለጉዳዩ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ይሁን። ሰጪው አገር መዝገቡን በኮምፒዩተር የሚያሳይ ከሆነ በዚያው ይታይ፤ የማያሳይ ከሆነ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ይጻጻፍ። አንድ ሽማግሌ ማኅተም ተሸክሞ አህጉር አያቋርጥ።

ሁለተኛ፦ ከውጭ የመጣ ሾፌር ሁሉ፣ ጥቁር ይሁን ነጭ፣ ስደተኛ ይሁን ዲፕሎማት፣ አጭር የጽሑፍና የጎዳና ፈተና ይውሰድ። የጎዳና ፈተናው ባዶ ሜዳ ላይ እንጨት ተክሎ በመካከሉ መሽሎክሎክ ሳይሆን፣ አደባባይ ዙሮ፣ ዳገት ላይ ቆሞ ተነስቶ፣ ዜብራ ላይ ለእግረኛ አሳልፎ የሚታይ ይሁን። የሚችል በዚያው ሳምንት ካርዱን ይያዝ፤ የማይችል ገብቶ ይማር።

ሦስተኛ፦ ፈቃዱ የጸና መሆኑ የሚታየው ባለጉዳዩ ባመለከተበት ቀን ይሁን። መሥሪያ ቤቱ ሲያጓትት ያለቀ ጊዜ በባለጉዳዩ አይቆጠር። ጉዳዩ እስኪያልቅም ቀኑ የተወሰነ ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጠው።

አራተኛ፦ የሚጠየቀው ሰነድ፣ ክፍያው፣ የሚፈጀውም ቀን በትልቁ ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። «አይሆንም» የሚል ሠራተኛ ለምን እንደማይሆን በጽሑፍ ፈርሞ ይስጥ። ደላላ የሚኖረው ጨለማ ባለበት ነው፤ መብራት ሲበራ እንጀራው ይቋረጣል።

አምስተኛና ዋናው፦ ይኸው ፈተና፣ ምንም ሳይጎድል፣ ለአገር ውስጡም ጀማሪ ይሁን። ያሠለጠነ አይፈትን፤ የፈተነ ደግሞ ይፈረም፣ ስሙ ይታወቅ፤ ያሳለፈው ሾፌር በወራት ውስጥ ሰው ቢገድል ፈታኙም «እንዴት አሳለፍከው?» ተብሎ ይጠየቅ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሕግ ያደረጉ ሰዎች በፈተና ሜዳ ላይ እስካሉ ድረስ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። አዲስ ሕንፃ አይፈልግም፣ ብድርም አይፈልግም። የሚፈልገው መኪና፣ መንገድና ሐቀኛ ፈታኝ ነው። ሦስተኛው እንደሚያስቸግር እናውቃለን።

አጎቴን ለምትጠይቁን፦ መንጃ ፈቃዱን ላሳድስ ብሎ ወደ አሜሪካ ሄደ። ለአንድ ወር ብሎ ነበር። እዚያ ሲደርስ ፈቃዱን በአንድ ቀን አሳደሰ፤ ያጠራቀማትን ግን ቪትዟና የማኅተሙ ሩጫ ጨርሰዋት ነበርና ወደ ታክሲው ተመለሰ። አሁን በየወሩ ለአያቴ የኮንትራት ታክሲ ገንዘብ ይልካል። መንግሥት ዶላሩን አገኘ፤ እናት ልጃቸውን አጡ። ቪትዟ ከነአቧራዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። አያቴ በስልክ «መቼ ነው የምትመጣው?» ሲሉት «ማኅተሙ ሲያልቅልኝ» ይላቸዋል። እሳቸው የእውነት ይመስላቸዋል።

ያ ወጣት ሾፌርስ? ከእኛ ቤት ተሰናብቷል። መንጃ ፈቃዱ ግን የጸና ነው። ዛሬ ጠዋት ልጅዎን ትምህርት ቤት ያደረሰው ሚኒባስ ሾፌር እሱ ይሁን ሌላ፣ እርስዎም አያውቁም፣ እኛም አናውቅም። ማኅተሙም አያውቅም።

ስለዚህ ለአጎቴ እንደምንለው ሁሉ ለዚያ ልጅም እንላለን፦ ነድተህ አሳየን!